ስሙን ከመሸምደድ ነገሩን ማወቅ ይቅደም



በቋንቋ ክፍል የምንማር ሠልጣኞች ፈተና ሲደርስ የምንሠራውን ሥራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደብተር ይገለጣል። «ተነጻጻሪ ዘይቤ ማለት... ተለዋጭ ዘይቤ ማለት... ሰውኛ ዘይቤ ማለት...» እየተባለ በየዛፉ ጥላ ሥር ይሸመደዳል። ፈተናው ያልፋል፤ የሸመደድነውም አብሮ ያልፋል። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጉዳቱ የእኛ ብቻ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን እኛ የነገ መምህራን ነንና ያንኑ ደብተር ይዘን ሕፃናት ፊት እንቆማለን። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ስለ ዘይቤ አስተማርሁ። ትርጉሞቹን በሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ ልጆቹም ገለበጡ። በማግሥቱ «ተለዋጭ ዘይቤ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «አያቴ ፈረሱን እግሬ ነው ይላል» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «እሱን ማን ጠየቀህ? ትርጉሙን ተናገር!» ብዬ አስቀመጥሁት። ቀጥላ አንዲት ልጅ ከደብተሯ ያጠናችውን ቃል በቃል ስትወርደው «ጎበዝ! አጨብጭቡላት» አልሁ።

ማታ የነገውን ትምህርት ሳዘጋጅ ነው የነቃሁት። ለካ ልጁ መልሶልኝ ኖሯል! ያውም እኔ በሰሌዳ ላይ ከጻፍሁት ምሳሌ የተሻለውን ነው ያመጣው። በማግሥቱ መልሱ ትክክል እንደነበር በክፍሉ ፊት ተናገርሁ፤ ግን ምን ዋጋ አለው? ልምምዴን ጨርሼ እስክወጣ ድረስ ያ ልጅ ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ለመሆኑ ልጁ ምን አለ? ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው በአዊ ምድር ፈረስ ምን ያህል እንደሚከበር አይጠፋውም። ሽማግሌው «ፈረሴ እንደ እግሬ ነው» ቢሉ ኖሮ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁመው ማነጻጸራቸው ነበር። «እግሬ ነው» ሲሉ ግን አንዱን በሌላው ቦታ ተኩት። ፈረሱ ከሌለ ገበያ መውጣት የለም፣ ለቅሶ መድረስ የለም ማለታቸው ነው። በሁለቱ አነጋገሮች መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ለማየት ነው ስሞቹ የሚያስፈልጉን።

ሽምደዳው ከዚህም የባሰ ስሕተት ውስጥ ይከተናል። ከመካከላችን «‹እንደ› የሚል ካለበት ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው» ብሎ ያልያዘ ማን አለ? እስቲ እንፈትነው። «እንደ ነገርሁህ አድርግ» በሚለው ውስጥ «እንደ» አለ፤ ዘይቤ ግን የለም። «ልጁ እንደ አባቱ ረጅም ነው» ስንልም ሰውን ከሰው ጋራ በቁመት ለካን እንጂ ዘይቤ አልተጠቀምንም። «ልጁ እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዘ» ስንል ግን ዓይነታቸው የተለያየ ሰውና ዛፍ በአንድ ነገር ተገናኙ፤ የልጁም ዕድገት ታየን። ዘይቤ ይህ ነው።

ሰምና ወርቅንም «ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር» ብለን እናልፈዋለን። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርፅ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቅ ይፈስበታል። አንድ ችግረኛ በበዓል ዋዜማ «ለእኔስ ዘንድሮም ገና ነው» ቢል ሰሙ የልደት በዓል መድረሱ ነው፤ ወርቁ ደግሞ የእሱ ተራ አለመድረሱ ነው። ሁለቱን የተሸከመው «ገና» የሚለው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። በዋሸራም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ራሱ እየቆጠረ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የቅኔ ዓይነቶችን ስም ብቻ ሸምድዶ ባለቅኔ የሆነ የለም።

በልቦለድም እንዲሁ ነው። መቼት «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ቃላት የተገኘ ስም መሆኑን ያወቀ ሰው ትርጉሙን መሸምደድ አያሻውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መቼቱ የት ነው ሲባል «ጎጃም» ብለን ነጥቡን እንወስዳለን። ኧረ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው! የዘር ሐረግ በሚቆጠርበት በዚያ የባላባት ዘመን ባይሆን ኖሮ፣ ሊያስተምራት የገባው በዛብህና የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል ምን ይለያያቸው ነበር? መቼቱ ግጭቱን እንዴት እንደወለደው የተረዳ ተማሪ መጽሐፉንም መቼትንም ባንድ ጊዜ አወቀ ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፈተናው የሚጠይቀን ትርጉም ነው፤ ምን እናድርግ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ስሞቹ ይቅሩ አላልሁም። ስም የሌለው ነገር ለመነጋገርም ለማረምም ያስቸግራል። የእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ይለወጥ ነው። በመጀመሪያ ይነበብ ወይም ይደመጥ፤ ቀጥሎ «ይህ አነጋገር ምን አደረገ? በሌላ ቃል ቢባል ምን ይጎድላል?» ተብሎ ይጠየቅ፤ ስሙ በመጨረሻ ይምጣ። ነገሩን የያዘ ተማሪ ትርጉሙን በራሱ ቃል ይጽፈዋል።

ይህ ለእኛ አካባቢ ይበልጥ ያስፈልጋል። በዞናችን ብዙ ልጆች አፋቸውን የሚፈቱት በአውኛ ነው። «ተለዋጭ ዘይቤ» የሚለው የአማርኛ ስም ሊከብዳቸው ይችላል፤ ነገሩ ግን በየቤታቸው በአያቶቻቸው አፍ ላይ አለ። በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ልጁ ከቤቱ የሰማውን በአውኛ ተናግሮ በአማርኛ ቢያስረዳን እሱም ይኮራል፣ እኛም እንማራለን። ከቤት የመጣውን ምሳሌ «እሱን ማን ጠየቀህ?» ብለን ከመለስነው ግን ልጁ ትምህርት ማለት የሰው ደብተር መገልበጥ ነው ብሎ ያድጋል።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ከአባቶችና ከእናቶች አንድ አንድ አነጋገር ይዘን እንምጣ፤ ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስሙም ምን እንደሆነ ጽፈን በዚሁ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ እንለጥፈው። የመጀመሪያውን «ፈረሱ እግሬ ነው» ከሚለው ጋራ እኔ እጀምራለሁ። በሐሳቤ የማይስማማ ጓደኛ ካለም ብዕሩን አንሥቶ ይሞግተኝ።

ከቋንቋ ክፍል አንድ ሠልጣኝ