ትንሿ አውሮፕላን የት ትረፍ?

በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ተነሥተው ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ሲጓዙ የነበሩ አብራሪዎች ጋምቤላ አየር ማረፊያ ላይ ተይዘው ቆዩ። ቁጥራቸው ወደ 40 ይጠጋ ነበር፤ የመጡትም ከተለያዩ አገሮች ነው። አብዛኞቹ አውሮፕላኖቻቸው ድርብ ክንፍ ያላቸው፣ አብራሪው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥባቸው፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ነበሩ። 13 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ለመብረር የተነሡት፣ የብሪታኒያው ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በ1931 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ላይ የከፈተውን የጥንት መስመር መልሰው ለማየት ነው። በግብፅ ፒራሚዶችን አይተዋል፣ ሱዳንን አቋርጠዋል። ጋምቤላ ሲደርሱ ግን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በሕገ ወጥ መንገድ የአገሪቱን የአየር ክልል ጥሰዋል አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ተለቀው ወደ ኬንያ በረሩ፤ በታኅሣሥም ኬፕታውን አቅራቢያ ደረሱ።

ያን ጊዜ አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበረች። አዋጁ ከታወጀ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዙ አውሮፕላን ተከታትሎ ድንበር ላይ ሲያርፍ ጠባቂው መደንገጡን እረዳለሁ። አየር ክልልም እንደ መሬት ድንበር ነው፤ ማንም ሳይጠይቅ አይገባበትም። በዚህ ከመንግሥት ጋር አልከራከርም። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያ ሰሞን ካለፈ በኋላ በሩ እንዴት እንደሚከፈት የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ሁሉም ስለ መያዛቸው አወራ፣ ከዚያ ዝም ተባለ።

በእኛ በአርሲ ገጠር የመሸበት መንገደኛ አጥር ጋ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። ዘው ብሎ አይገባም። ባለቤቱም ውሻውን ይዞ ይወጣል፣ ማን እንደሆነ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፣ ከዚያ «ይግቡ» ይላል። እንግዳው የመጣራት ግዴታ አለበት፤ ባለቤቱም የመመለስ። የበረራ ፈቃድ ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። እንግዳው ካልተጣራ ጥፋቱ የራሱ ነው። ተጣርቶ መልስ ሲጠፋ ግን ውርደቱ የቤቱ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ኢትዮጵያ ለትንንሽ አውሮፕላኖች መልስ የሚሰጥ ደጅ ያስፈልጋታል፤ ከደጆቹ አንዱም አሰላ ይሁን።

ለምን አሰላ የሚለኝ አንባቢ ካርታውን ይዘርጋ። ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ በትንሽ አውሮፕላን የሚሄድ ሰው መንገዱን ራሱ ተፈጥሮ ሠርቶለታል። ስምጥ ሸለቆው ነው። ሞጆን አልፎ ቆቃን ያያል፣ ከቆቃ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፣ ሐዋሳ፣ ከዚያ አባያና ጫሞ። ሐይቆቹ ተራ በተራ እየመሩት ይወርዳል። ዝዋይ ላይ ሲደርስ በግራው የሚቆመው የአርሲ ደጋ ነው። የሐይቁ ዳር 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን አሰላ ከዚያ 800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከጀርባዋ ጭላሎ አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ። ካካና በዳም ከጭላሎ አይተናነሱም።

እነዚህን ተራሮች ትንሽ አውሮፕላን በላያቸው አትሄድባቸውም፤ ትዞራቸዋለች። የትልቁ ጄት መንገደኛ በ11 ሺህ ሜትር ላይ ሻዩን ሲጠጣ ጭላሎ ከታቹ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ ካቢኑ አየር የተሞላ ነውና። የትንሿ አውሮፕላን አብራሪ ግን የሚተነፍሰው የውጭውን አየር ነው። የአሜሪካ ደንብ እንኳ ኦክስጅን የሌለው አብራሪ ከ3,800 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዲቆይ አይፈቅድለትም። ሞተሯም እንዲሁ ይታፈናል። አየር መጭመቂያ የሌለው ተራ የፒስተን ሞተር በአሰላ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ክንፏን የሚሸከመው አየርም ስለሚሳሳ ከመሬት ለመላቀቅ ባሕር ዳርቻ ላይ ከምትሮጠው እጅግ የረዘመ መሮጥ አለባት። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስባታል። ኃይሌን፣ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያሳደገው ይኸው ስስ አየር ነው፤ የሯጩን ሳንባ የሚያጠነክረው ሞተሩን ያደክመዋል። የ2009 ዓ.ም. ተጓዦች ደጋውን ትተው ከሱዳን ቆላ ወደ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላ ወደ ኬንያ ዝቅ ባለው ምድር መሄድን መምረጣቸው አይገርመኝም። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ሞተር በደጋ ላይ አይፈተንም።

ስለዚህ አሰላ ለቀላል መንገደኛ አይደለችም። ለዚያ ነው የምፈልጋት። ከስምጡ ጠርዝ ላይ ያለች፣ አየሩ ሲበላሽ ወደ ዝዋይ ወረድ ማለት የሚቻልባት፣ አብራሪው ሙያውን የሚያስመሰክርባት ቦታ ናት። ስለ ነፋሷም ቢሆን መጠየቅ ለሚፈልግ ሰው አዋቂ አይጠፋም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማ አጠገብ ይቁምና ይመልከት። ገበሬው ማለዳ አያዘራም፤ አየሩ ጸጥ ያለ ነው። ምርቱን በመንሽ ሰብስቦ፣ ላይዳውን አጠገቡ አስቀምጦ ይጠብቃል። ፀሐይ ከፍ ስትልና ሜዳው ሲሞቅ ነፋሱ ይነሣል፤ ያኔ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ እህሉን ወደ ላይ ይበትናል፣ ገለባው ወደ ዳር ይሄዳል። አብራሪም የሚፈልገው ይህንኑ እውቀት ነው፦ ነፋሱ መቼ ይነሣል፣ ከየት ይመጣል። ማለዳ ተነሥ፣ ከሰዓት በኋላ ጭላሎ ላይ ደመና ሳይቆለል እረፍ የሚል ምክር ከአርሲ ገበሬ ቢመጣ ማንም የበረራ አስተማሪ አያርመውም።

ይህ ሁሉ የሀብታም ጨዋታ ነው የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። አሰላ ላይ መንገድ፣ ውኃ፣ መድኃኒት ሲጎድል ስለ ፈረንጅ ሽርሽር ማውራት ምን ይሉታል ይለኛል። ክርክሩን አላናንቀውም። ነገር ግን ትንሽ አውሮፕላን በዚህች አገር ምን እንደሠራች ማስታወስ ይገባል።

ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የሚባል ስዊድናዊ ነበር። ጣሊያን በወረረን ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ መጣ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ የኢትዮጵያን አየር ኃይል በማደራጀትና አብራሪዎቹን በማሠልጠን ዓመታት አሳለፈ። ግንቦት 1 ቀን 1939 ዓ.ም. ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ 31 ሰዓት ገደማ በርሮ፣ ከ6,200 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ይህን ጉዞ ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ መጨረሻው ነው። አንድ ሌሊትና ከዚያ በላይ ያልተኛ ሰው፣ ባሕርና በረሃ ካለፈ በኋላ፣ የመጨረሻ ጉልበቱን ያስቀመጠው ለኢትዮጵያ ደጋ ነው። በ1966ቱ ድርቅ ጊዜም መኪና በማይደርስበት ተራራ ላይ ለተራበው ሰው እህል ከትንንሽ አውሮፕላኖች ዝቅ ብሎ እየበረረ አወረደ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የሶማሊያ ኃይሎች ባደረሱት ጥቃት ሞተ። ያኔም በእርዳታ ሥራ ላይ ነበር። የአሰላ ሰው ስዊድንን የሚያውቃት ካዱ በተባለው የእርሻ ልማት ሥራ ነው፤ በተሻሻለ ዘር፣ በማዳበሪያና በገበሬ ሥልጠና። ከስዊድን ወደዚህ አገር በፍቅር ከመጡት ሰዎች መካከል በሰማይ የመጣውንም ልጆቻችን ቢያውቁት እወዳለሁ።

ወደ ጎረቤት እንመልከት። በ1957 እ.ኤ.አ. ሦስት ወዳጃሞች የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ኪሊማንጃሮ ግርጌ ተቀምጠው ሲመካከሩ ሐኪሙን በትንሽ አውሮፕላን ወደ በሽተኛው መውሰድ ይቻላል አሉ። የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች ከዚያ ተወለዱ። ናይሮቢ ላይ ዊልሰን የሚባል ለትንንሽ አውሮፕላኖች የተለየ አየር ማረፊያ አለ፤ ጎብኚው፣ ሐኪሙ፣ ተማሪ አብራሪው፣ ከሩቅ የመጣው መንገደኛ እዚያ ይገናኛሉ። ለጎብኚ የተከፈተ ሜዳ ለበሽተኛም ይከፈታል። አሰላ የማስተማሪያ ሆስፒታል አላት፤ ወደ ምሥራቅ ራቅ ካሉት የአርሲ ወረዳዎች አንዲት ምጥ የጠናባት እናት በክረምት ጭቃ እዚህ እስክትደርስ ምን እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። አሰላ ራሷ ከአዲስ አበባ በመኪና 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መደበኛ የመንገደኛ በረራም የላትም።

ደግሞስ ትንሽ አውሮፕላን ለእኛ ባዕድ መቼ ሆነ? የመጀመሪያዋ አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ የምትባል የፈረንሳይ ባለ ድርብ ክንፍ ነበረች። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር እዚያው አዲስ አበባ ፀሐይ የተባለችውን አውሮፕላን ሠራ። ፋሺስቶች ወስደዋት ጣሊያን ሙዚየም ውስጥ ከርማ በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ አገር ደስ አለው፤ እኔም ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ፀሐይ ግን ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ባለ አንድ ሞተር። እሷን በክብር ተቀብለን እኅቶቿ የሚያርፉበት ሜዳ፣ የሚጠጡት ነዳጅ ከጠፋ ደስታችን ጎደሎ ይሆንብኛል።

ነዳጁ ቀልድ አይደለም። የፒስተን ሞተር ያላት ትንሽ አውሮፕላን የምትጠጣው አቭጋዝ የሚባለውን የተለየ ቤንዚን ነው፤ ጄቶች የሚጠጡት ደግሞ ከነጭ ጋዝ የሚቀራረብ ሌላ ነው። ሁለቱን ማምታታት ሰው ይገድላል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የደቡብ አፍሪካ ወጣቶች ከኬፕታውን ካይሮ ለመድረስ ተነሡ። ባለ አራት መቀመጫዋን አውሮፕላን ከመገጣጠሚያ ዕቃ አንሥተው በገዛ እጃቸው የሠሯት እነሱ ናቸው፤ አብራሪዎቹ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ካይሮ ደረሱ። ከጉዟቸው ፈተናዎች አንዱ ግን አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ ማግኘት ነበር። የአፍሪካን ትልቁን አየር መንገድ ባለቤት በሆነች አገር ዋና ከተማ! አየር መንገዳችን ትልቅ በመሆኑ እኮራለሁ፤ ግን የትልቁ ስኬት ትንሹን እንዳናይ ማድረግ የለበትም። ያ ትልቅ አየር መንገድ ራሱ አብራሪዎቹን ማሠልጠን የሚጀምረው እንደ ሴስና ባሉ ትንንሾች ላይ ነው።

የጸጥታውን ነገር ደግሞ በሕግ መፍታት ይቻላል። መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት የአውሮፕላኑን ምዝገባ፣ የአብራሪዎቹን ስም፣ መስመሩንና ቀኑን ያስገባ። ባለሥልጣኑም በተወሰነ ቀን ውስጥ አዎ ወይም አይ ይበል። ጦር ወይም ሁከት ያለበት ቦታ ይዘጋ፣ መዘጋቱም በግልጽ ይነገር። መግቢያው አንድ ወይም ሁለት አየር ማረፊያ ይሁን፤ ፓስፖርትና ጉምሩክ እዚያ ይለቅ። ከዚያ ወዲያ እንግዳው አገር ውስጥ ነው፤ ወደ ጣና ይሂድ፣ ወደ ላሊበላ ይሂድ፣ ሰላም በሆነበት ጊዜ የፈለገበት ይሂድ። ሲጣራ የሚመለስለት ሰው ካለ ሳይጣራ የሚገባበት ምክንያት አይኖረውም፤ ሳይጣራ ከገባም መያዙን ሁላችንም እንደግፋለን።

ለአሰላ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለስስ አየራችን እንዲበቃ ረዘም ያለ፣ በደንብ የተጠቀጠቀ የጠጠር ሜዳ። ከብት እንዳይገባበት አጥር። የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ጨርቅ ያለበት ምሰሶ። ታሽጎ የሚቀመጥ አቭጋዝ፣ ቁልፉን የያዘ የሠለጠነ ሰው። ስልክ ሲደወል የሚያነሣ ተረኛ። ሜዳው የሚያርፍበት መሬት የማንም ገበሬ የእህል ማሳ እንዳይሆን አደራ እላለሁ፤ የግድ ከሆነም ካሳው አስቀድሞ በእጁ ይግባ። ሥራው ሲታሰብ ደግሞ የከተማው አስተዳደር፣ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ አውሮፕላን ባላረፈበት ቀን ሜዳው ምን ይሠራል፣ ማንስ ይጠብቀዋል የሚለውን ከመጀመሪያው ይወስኑ። የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ለመጋበዝ ምርጡ ወር ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ስንዴውና ገብሱ ሳይታጨድ።