ልብ የሚነካ ብዕር ከወዴት ይገኛል?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ብዕር ለማንሣት ባሰብህ ጊዜ ሁለት ክፉ መካሪዎች ይመጡብሃል። አንደኛው «የራስህን አዲስ ነገር ለመጻፍ የአባቶችህን ትምህርት ጣል» ይልሃል። ሁለተኛው ደግሞ «የአንባቢን ልብ ለመንካት እንባውንና ደሙን፣ ወዮታውንና ሰቆቃውን አብዛው» ይልሃል። ሁለቱም ያታልሉሃል። ምስክሮቼን ከሩቅ አገር አላመጣም፤ ከደብረ ታቦርና ከአካባቢዋ ደጋ እጠራለሁ።

ለመጀመሪያው መካሪ መልስ የሚሰጠው የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ከባለ 2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ይዘልቃል። ልኩ የተወሰነ፣ ዜማው የታወቀ፣ ሕጉም የጠበቀ ነው። በዚያ ሁሉ ሕግ መካከል ግን የባልንጀራን ቅኔ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ታላቅ ነውር ነው። «ዘረፈ» የሚለውን ቃል ተመልከት፤ በመንገድ ላይ የሰውን ሀብት መቀማት ነው፤ በቅኔ ቤት ግን ከራስ አእምሮ አዲስ ቅኔ ማፍለቅ ነው። በየስልኩ የሚዞረውን ቃል ለቅሞ ደራሲ ነኝ የሚል ሰው፣ በየትኛው ትርጉም እንደሚዘርፍ ራሱን ይጠይቅ።

በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱትን አለቃ ገብረ ሐናንም አስታውስ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ዳሩ ግን የቅኔና የፍትሐ ነገሥት መምህር፣ የአቋቋምም ሊቅ ነበሩ። የጣናን ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ ተመልክተው፣ ያንን መወዛወዝ ወደ ዝማሜው አገቡት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት ሳይቀበሉት ቢቀሩ፣ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተማረውና እስከ ዛሬ በስሙ «የተክሌ» እየተባለ ይጠራል።

እንግዲህ ልብ በል፤ ሸምበቆውንማ ዓሣ አጥማጁም ታንኳ ቀዛፊውም በየዕለቱ ያየው ነበር። ከመቋሚያና ከጽናጽል ጋር ያገናኘው ግን የቀደመውን ስልት ጠንቅቆ ያወቀው ሊቅ ነው። የቀደመውን ያላወቀ ሰው፣ የጻፈው አዲስ መሆኑን በምን ይለያል? ደግሞም «አዲስ ሁሉ ነውር ነው» የሚሉ ጠባቂዎች ይህን ታሪክ ይስሙ፤ ትናንት የተነቀፈው ዛሬ የሚጠብቁት ቅርስ ሆኗልና።

ለሁለተኛው መካሪ መልሱ ከልቅሶ ቤት ይገኛል። ዐዋቂ አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት የሟቹን ነገር ትጠይቃለች፤ ማን ይባል ነበር? በምን ሙያ ይታወቅ ነበር? ማንን ትቶ ሄደ? ከዚያም «ሞት ክፉ ነው» ብላ አታበቃም፤ ጌታ ያጡትን ጥማድ በሬዎች፣ ሳይታጨድ የቀረውን የገብስ ማሳ፣ ከግድግዳው የተደገፈውን ዱላ እያነሣች ታወርዳለች። ያን ጊዜ ሟቹን የማያውቅ እንግዳ እንኳ የራሱን ሟች አስታውሶ ያለቅሳል። ጀማሪ ጸሐፊ ግን «ልቤ ደማ፣ አንጀቴ ተቃጠለ» እያለ ገጹን ይሞላል። የማን ልብ፣ በምን ምክንያት እንደ ደማ ያልታየው አንባቢ በምን ያልቅስ?

ይህ የጽሕፈት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ጋይንት በደረሰ ጊዜ በብዙ ቤት ኀዘን ገባ። የዚያን ኀዘን ታሪክ መፈክር ለማንኛውም ወገን ከሚያሰማ ሰው አትጠብቅ፤ በመፈክር ውስጥ ሟቹ ቁጥር ይሆናል፤ ስሙም፣ ማሳውም፣ ልጆቹም ይጠፋሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሙታንን ሁለተኛ ጊዜ ይቀብራል፤ በሕይወት ያለውም ሰው የባልንጀራውን ጉዳት ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍን ይለምዳል።

ስለዚህ ወንድሜም እኅቴም፣ በመጀመሪያ ተማሩ፤ ከተማራችሁ በኋላ በዓይናችሁ እዩ፤ ያያችሁትንም ሳትጨምሩ በስሙ ጥሩት። ከጉና ግርጌ ያለው ገበሬ ጽሑፋችሁ ሲነበብለት «ይህስ የእኔ ነገር ነው» ካለ፣ ሌላ የደራሲነት ምስክር አትሹ።