ደብተር የሚይዝ ሰው

ስዊድን ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ምድብ ማጣሪያ 6 ጊዜ ተጫውታ አንዱንም አላሸነፈችም። በ2025 መጨረሻ ከስዊዘርላንድ፣ ከኮሶቮና ከስሎቬኒያ በታች በ2 ነጥብ ጨረሰች። ሆኖም ቀደም ሲል በኔሽንስ ሊግ ምድቧን በመምራቷ በጥሎ ማለፍ ሁለተኛ ዕድል ተሰጣት። ኪስታ ውስጥ ቡና ይዞ «ሳያሸንፉም አለ እንዴ?» የሚል ወገን ቢኖር አይፈረድበትም። ደንቡ ግን አስቀድሞ የተጻፈ ነው።

የኢትዮጵያን ቡድንም ደንብ አንዴ ጠቅሞታል፣ አንዴ ቀጥቶታል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በሴፕቴምበር 2012 ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። በኦክቶበር አዲስ አበባ ላይ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ ነገር ግን በሰው ሜዳ ያገባቸው 3 ጎሎች ሚዛኑን ደፉለትና ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈ። ተሸንፎ የተመለሰበት ጨዋታ አሳለፈው ማለት ነው።

ጉዱ የመጣው በዓመቱ ነው። በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ በሁለት ጨዋታ ሁለት ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን ጨዋታ አይሰለፍም። ምንያህል ተሾመ ሁለት ቢጫ ነበረበት፤ ጁን 8 ቀን 2013 ቦትስዋና ላይ ግን አሰለፉት። ኢትዮጵያ 2 ለ 1 አሸነፈች። ጁን 16 ቀን ደቡብ አፍሪካንም አዲስ አበባ ላይ በዚያው ውጤት ስትረታ ነጥቧ 13 ደረሰ፤ ምድቡ አለቀ ተብሎ ጭፈራው ቀለጠ። በዚያችው ዕለት ፊፋ ጉዳዩን እየመረመረ መሆኑ ተሰማ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ፤ የቦትስዋናው ጨዋታ በፎርፌ 3 ለ 0 ተገለበጠ፣ 13ቱ ነጥብ 10 ሆነ። ይህ የእግር ሳይሆን የቢሮ ጥፋት ነው። ቢጫ ለመቁጠር አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃ ነበር!

ደግነቱ ቡድኑ በሴፕቴምበር ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ ምድቡን መራ። ያን ቀን ቢሸነፍ ኖሮ 11 ነጥብ ያገኘችው ደቡብ አፍሪካ በላዩ ላይ ታልፍ ነበር። ከዚያ ናይጄሪያ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 አሸንፋ ወደ ብራዚል ሄደች፤ እሷ በሜዳ በልጣ ስላለፈች ክርክር የለም።

ክርክሩ ቢሮው ላይ ነው። ጁን 9 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈችበት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ «በሜዳዋ» ተብሎ ተመዝግቧል። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው፤ የአገር ቤት ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት አላሟሉም ተብሎ ቡድኑም እንደ ደጋፊው ተሰደደ። እንዲህ ያለ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ባየው! ከዚያ ምድብ በመጨረሻ ያለፉት ግብፅና ጊኒ ናቸው።