ዋልተር ዋይት የመምህራን ጠበቃ አይደለም

ትናንት ማታ አንድ የድሮ ተማሪዬ ፎቶ ለጥፎ ታግ አደረገኝ። ፎቶው ላይ መላጣውና ባለመነጽሩ ዋልተር ዋይት አለ፤ ከሥሩ «መምህር በደመወዙ ተስፋ ሲቆርጥ» ይላል። አልዋሽም፣ ስቄያለሁ። የኬሚስትሪ አስተማሪ በመሆኔ «ሃይዘንበርግ» የሚለው ቅጽል ስም ከተለጠፈብኝ ቆይቷል። ኮሜንቶቹን ሳነብ ግን ሳቁ ጠፋ። «ልክ ነው ያደረገው!» «ለቤተሰቡ ብሎ ነው።» «ሀቀኛ ሆኖ ምን አተረፈ?» «ቲቸር፣ አንተስ መቼ ነው የምትጀምረው?»

ይህን ከጻፋችሁት ግማሾቻችሁን አስተምሬያችኋለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። («ብሬኪንግ ባድ»ን ጀምራችሁ ያልጨረሳችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ። መጨረሻውን ነው የማወራው።)

እኔ ይህን ፊልም እንደ ዛሬ ልጅ በአንድ ቅዳሜና እሁድ አልጨረስኩትም። የመጨረሻዎቹን ስምንት ክፍሎች ሳምንት እየጠበቅኩ፣ ኢንተርኔት ካለው ጓደኛዬ በፍላሽ እያስገለበጥኩ ነው ያየሁት። የመጨረሻው ክፍል አሜሪካ ውስጥ የተላለፈው መስከረም 19 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፤ መስቀል በዋለ በሁለተኛው ቀን። ከዚያ ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት በከፊል ተዘጋ። ሪፐብሊካኖቹ የኦባማ የጤና መድን ሕግ ካልታገደ በጀት አናጸድቅም አሉና 16 ቀን ሙሉ ቢሮ ተቆለፈ። በዚያው መሀል የካናዳዋ የአጭር ልቦለድ ጸሐፊ አሊስ መንሮ ኖቤል አሸነፈች። እኛም ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሦስቱንም እያቀላቀልን እናወራ ነበር። መጽሐፍ አንባቢ ነን የሚሉት ጓደኞቼ «ሰው ስለ ኖቤል ያወራል፣ አንተ ስለ ወንበዴ ታወራለህ» ይሉኝ ነበር። የማወራው ግን ስለ አንድ መምህር ነበር።

ያኔም የሰማሁት ክርክር ትናንት ካነበብኩት አይለይም። አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው «ጥፋቱ የሥርዓቱ ነው» የሚለው ነው። ካናዳ ቢኖር ኖሮ ታሪኩ በመጀመሪያው ክፍል ያልቅ ነበር የሚል ቀልድም አለ። ግማሹ እውነት ነው። ሃምሳ ዓመት የሞላው የአልበከርኪ መምህር ከትምህርት ቤት ወጥቶ መኪና እያጠበ ነው የሚኖረው። የገዛ ተማሪው የመኪና ጎማ ሲያጸዳ አይቶ ይስቅበታል። በላዩ ላይ የሳንባ ካንሰር መጣ። ይህን አይቶ የማያዝን መምህር የለም። ለሕክምና መክፈል የማይችል ሰው ባይኖር ኖሮ ፖለቲከኞቹም መንግሥት እስኪዘጋ ድረስ ባልተጣሉ።

ሌላውን ግማሽ ግን ሁላችሁም ዘላችሁታል። ገና በመጀመሪያው ሲዝን አምስተኛ ክፍል ላይ የድሮ ጓደኞቹ ኤሊየትና ግሬችን ሕክምናውን ሙሉ በሙሉ እንችላለን አሉት። እምቢ አለ። እምቢ ብሎም ወደ ጄሲ ሄዶ ሥራ እንቀጥል አለው። ለሚስቱ ደግሞ እነሱ ናቸው የሚከፍሉት ብሎ ዋሻት። እዚህ ላይ ድህነት የታለ? ይህ ኩራት ነው። ከጓደኞቹ ገንዘብ መቀበል ያሳፈረው ሰው መርዝ መሸጥ አላሳፈረውም።

ሁለተኛው «ለቤተሰቡ ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው ሲዝን ሲጀምር ራሱ ቁጭ ብሎ አስልቶት የለ እንዴ! የልጆቹን ኮሌጅ፣ የቤቱን ዕዳ፣ የወር ወጪውን ደምሮ 737,000 ዶላር ይበቃኛል አለ። በመጨረሻ በረሃ ውስጥ በበርሜል የቀበረው ግን 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ሒሳብ የምትችሉ ልጆች ናችሁ፤ አካፍሉት። ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ሚስቱ ስካይለር መቁጠር ያቃታትን የብር ክምር አሳይታ ስንት ነው የሚበቃህ ስትለው መልስ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ስለ ስካይለር አንድ ነገር ልበል። ከዋልተር ይልቅ እሷን የምትጠሉ ብዙ ናችሁ፤ ኮሜንቱ ላይም «ጨቅጫቃ» የሚል አይቻለሁ። ባሏ ገዳይ መሆኑን ስላወቀች ነው የጨቀጨቀችው! አና ገን፣ ገጸ ባህሪዋን የሠራችው ተዋናይት፣ ጥላቻው ከገጸ ባህሪዋ አልፎ ወደ ራሷ ሲደርስ ነሐሴ ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጽፋበታለች። መርዝ ያመረተውን ጀግና፣ ተው ያለችውን ጠላት ያደረገ ተመልካች ፊልሙን ሳይሆን ራሱን ነው ያየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጄሲ ፒንክማን ማን ነው?

የድሮ ተማሪው ነው።

ይሄንን ለምን እንደምትረሱት አይገባኝም። ኬሚስትሪ የጣለው ተማሪው ነው። ዋልተር ሲያገኘው እንዴት ነህ፣ ምን ነካህ አላለውም፤ አብረኸኝ ካልሠራህ ለፖሊስ እሰጥሃለሁ አለው። ሁለተኛው ሲዝን ላይ የጄሲ ፍቅረኛ በትውከቷ ታንቃ ስትሞት አጠገቧ ቆሞ አየ፤ እጁን አልዘረጋም። አባቷ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነበር። በሐዘን ልቡ ተሰብሮ ሥራ ሲገባ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጩ፤ 167 ሰው አለቀ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን ጂም ውስጥ ሲሰበስብ ዋልተር ማይክ ይዞ ምን አለ? አደጋው በታሪክ ከታዩት ሁሉ 50ኛ ቢሆን ነው እያለ ለሚያለቅሱ ልጆች ደረጃ አወጣላቸው። እኔ ከግድያዎቹ ሁሉ ያንቀጠቀጠኝ ይህ ትዕይንት ነው። ሰውየው ማስተማር ያቆመው ሥራ ሲለቅ ሳይሆን ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ጄሲ እንደ ልጁ የሚወደውን ሕፃን መረዘ። በመጨረሻም ጄሲን ለነፍሰ ገዳዮች አሳልፎ ሰጠ፤ ሲወስዱትም የፍቅረኛህን ሞት ቆሜ አይቻለሁ ብሎ ነገረው። እናንተ «ቲቸር መቼ ትጀምራለህ» ስትሉኝ በዚህ ታሪክ ውስጥ የእናንተ ቦታ የጄሲ ቦታ እንደሆነ አስባችኋል?

«ወንበዴ ታወራለህ» ላሉኝ ጓደኞቼም መልስ አለኝ። ይህን ሰው ያጋለጠው የግጥም መጽሐፍ ነው። የሚስቱ እህት ባል ሀንክ፣ የዕፅ ፖሊሱ፣ ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረውን ሰው ያወቀው ሽንት ቤት ቁጭ ብሎ የዋልት ዊትማንን የግጥም መድበል ሲገልጥ ነው፤ ዋልተር ካስገደለው ሰው የተሰጠው መጽሐፍ ነበር። ሁሉም ነገር የሚፈርስበት ክፍል ደግሞ «ኦዚማንዲያስ» ይባላል፤ ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1818 ያሳተመው፣ በረሃ ላይ ተሰባብሮ ስለቀረ የንጉሥ ሐውልት የሚናገር ግጥም ርዕስ ነው። ዶስቶየቭስኪን ያነበባችሁ ደግሞ ራስኮልኒኮቭን አስታውሱ። ለእናቴ፣ ለእህቴ፣ ለሰው ልጅ ጥቅም ሲል ቆይቶ ሶንያ ፊት የገደልኩት ለራሴ ነው ብሎ አመነ። ከ147 ዓመት በኋላ ዋልተርም በመጨረሻው ክፍል ሚስቱ ፊት ቆሞ ያንኑ አመነ፤ ያደረግኩት ለራሴ ነው፣ ወድጄው ነው አላት። እሱ ራሱ የጣለውን ሰበብ እናንተ አንስታችሁ ትሟገቱለታላችሁ!

«ታዲያ መምህር ይራብ ወይ?» ትሉኛላችሁ። ኧረ አይራብ! ሐውዜንና ጎንደር፣ ቺካጎና አልበከርኪ፣ የትም ቢሆን አይራብ። ግን ያጣ መምህር ምን እንደሚያደርግ ከፊልሙ ውጪም አይተናል። ሀንክ መጽሐፉን ያገኘበት ክፍል ከተላለፈ በስምንተኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ 26,000 የሚሆኑ የቺካጎ መምህራን ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። በ2018 የዌስት ቨርጂኒያ መምህራን እንዲሁ አድርገው አምስት በመቶ ጭማሪ አስወሰኑ። ፊልሙ ራሱ የመጀመሪያ ሲዝኑ በሰባት ክፍል የቀረው የደራሲዎች ማኅበር ለክፍያው የሥራ ማቆም አድማ ስለመታ ነው። የእኛስ? የካቲት 1966 ላይ መምህራኑ አድማ ሲመቱ ማንን መረዙ? መብት በጋራ፣ በግልጽ፣ በፀሐይ ይጠየቃል። ዋልተር አንድ ቀን እንኳ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቆሞ ስለ መምህር ደመወዝ ሲናገር አይታችኋል? ለራሱ ብቻ ነው የሄደው።

ይህን የምለው ከፍ ብዬ ተቀምጬ አይደለም። በዲፕሎማ ነው ክፍል የገባሁት፤ ደመወዜን ታውቁታላችሁ። አንድ ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ወላጅ የልጁን ውጤት «እንድታይለት» ብሎ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የቤት ኪራይ የሁለት ወር ነበረብኝ፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ነበረች። እጄ ፖስታውን ነክቶታል። ውፍረቱን ሁሉ አስታውሳለሁ። በልቤም ያልኩት «ለልጄ ብዬ ነው» ነበር። ጉዳይህን ለመፈጸም እጅ እጅህን የሚያይህ ሰውዬም፣ ስኳሩን የሚደብቀው ነጋዴም፣ ትልቁ ሌባም የሚሉት ይህንኑ ነው። ልጅ ያልተደገፈበት ሌብነት የለም።

የመለስኩት ቅዱስ ስለሆንኩ አይደለም። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ፣ ከሩቅ በእግሯ የምትመጣ አንዲት ልጅ ትዝ ስላለችኝ ነው። 71 አምጥታ ነበር። የሰውየው ልጅ በፖስታ 80 ሲያገኝ የእሷ 71 ምን ይሆናል? ፖስታውን መልሼ ኪራዩን ተበድሬ ከፈልኩ። ዕዳው ዓመት ፈጅቶብኛል። ታዲያ «ሀቀኛ ሆኖ ምን አተረፈ?» ላልከው ልጅ መልሴ ይሄ ነው፤ ብር አላተረፍኩም። ግን ዛሬ መንገድ ላይ ከማናችሁም ጋር ስገናኝ አንገቴን አልደፋም።

ታግ ያደረግከኝ ልጅ፣ አልተቀየምኩህም። ፎቶውንም አታጥፋው። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ብቻ ቀይርልኝ፤ «ተማሪውን የሸጠ መምህር» በለው።

ያልተስማማ ኮሜንት ላይ ይምጣ፣ እንከራከር። ስድብ ግን ክፍል ውስጥም አልፈቅድም ነበር፤ ታውቁኛላችሁ።