የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎም ቅርስ ነው

አሮጌ ዕቃ ሁሉ ቅርስ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ቅርስ የሚባለውም የቤተ መንግሥት ዕቃ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ተዘርግቶ የኖረው የአሮጌው ምድር ባቡር ነገር በተነሣ ቁጥር፣ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚያርፈው በንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ፉርጎዎች ላይ ነው። እነዚያ ፉርጎዎች በለገሃር በጣራ ሥር ተቀምጠው፣ ቁልፍና ጠባቂ ተመድቦላቸው፣ ለእንግዳ ሲታዩ ኖረዋል። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው የተሳፈረበት፣ ባለ እንጨት አግዳሚው የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ግን በየጣቢያው ግቢ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ስለዚህ ስለተዘነጋው ፉርጎ ጥቂት ለማሳሰብ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። መንገዱ ወደ ሐረር ተራራ እንዳይወጣ ዳገቱና ወጪው ስለ ከለከለ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚህም ምክንያት አስቀድሞ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ ከተማ ሆና በቀለች። ከብዙ የገንዘብና የፖለቲካ ውጣ ውረድ በኋላ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም አንድ ሜትር ነበር። ሕዝቡ የፈረንጁን ቃል ወስዶ መሥሪያ ቤቱን «ሽመንደፈር»፣ ጣቢያውን «ለገሃር» ሲል የራሱ አደረገው።

በዚህ መስመር ላይ የሚሠራ ፉርጎ ኑሮው ቀላል አልነበረም። ከባሕር ጠረፍ ጨዋማ ወበቅ ተነሥቶ፣ የኢሳን በረሃና የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የአዲስ አበባ ብርድና ዝናብ ይወጣል። በቆላ ሙቀት የደረቀውና የተሰነጠቀው እንጨት በደጋ እርጥበት ያብጣል፤ የብረቱ ገላም ይሰፋል፣ ይጠባል። ስለዚህ ፉርጎ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ዕቃ ሳይሆን፣ ዘወትር የሚጠገን ዕቃ ነው። የድሬዳዋ ወርክሾፕ አናጢ የበሰበሰውን ሳንቃ ሲያነሣ፣ በያጁ የተበላውን ላሜራ ሲለውጥ፣ መካኒኩ ኩሽኔታውን፣ ሞላውንና ፍሬኑን ሲመረምር ኖሯል። አንድ ፉርጎ ጡረታ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ከተሠራበት እንጨት ምን ያህሉ እንደ ቀረለት መለየት ያስቸግራል። በውስጡ የሚኖረው ፋብሪካው ያወጣው ሥራ ብቻ አይደለም፤ የሁለትና የሦስት ትውልድ ሠራተኞች እጅ ጭምር ነው።

ተሳፋሪውንም እናስታውስ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ፣ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላውን በአዋሽ ያድራል። ገንዘብ ያለው በአንደኛ ማዕረግ በለስላሳ ወንበር ሲቀመጥ፣ ሌላው በእንጨት አግዳሚ ላይ ከጓዙና ከልጆቹ ጋር ተጠጋግቶ ይጓዛል። በዚያ ጥግግት ውስጥ ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው፣ አማርኛው፣ ዐረብኛውና አፋርኛው በአንድ አግዳሚ ላይ ተገናኝተዋል። ከሴት ነጋዴዎች መካከል በዚህ መስመር ተመላልሰው ቤተ ሰብ ያስተዳደሩ፣ ልጅ ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው። የኮንትሮባንድ ዕቃ አልተጫነበትም የሚል ካለ፣ እርሱ በባቡሩ አልሄደም ማለት ነው። ይህም ቢሆን የታሪኩ ክፍል ስለሆነ ሊደበቅ አይገባውም።

ወታደሩም የዚህ ፉርጎ ደንበኛ ነበር። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በወረረ ጊዜ የባቡሩ መስመር ከዋነኞቹ ዒላማዎች አንዱ ሆነ፤ ድልድዮች ፈረሱ፣ ጉዞው ተቋረጠ፣ ድሬዳዋም ራሷ በነሐሴ ወር የጦር ሜዳ ሆነች። መስመሩ ተጠግኖ ባቡር ዳግመኛ የሄደበት በ1970 ዓ.ም. ነው። ድልድይ የጠገነው ሠራተኛና ድልድይ የጠበቀው ወታደር በአንድ ሥራ ላይ እንደ ነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ሊረሳ የማይገባው ግን የጥር 1977 ዓ.ም. ሐዘን ነው። በአዋሽ አቅራቢያ፣ ጠመዝማዛው ላይ ፍጥነቱን መቀነስ የነበረበት የመንገደኞች ባቡር ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደል ወደቁ። ከ400 የሚበልጡ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከዓለም የከፉ የባቡር አደጋዎች መካከል የሚቈጠረው ይህ አደጋ ለአብዛኛው ወጣት ዛሬ እንግዳ ወሬ ነው። ለሟቾቹ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ፣ እነርሱ የተሳፈሩበትን ዓይነት ፉርጎ ገብቶ ከማየት የበለጠ ምን ትምህርት ይገኛል?

በአሮጌው መስመር የአዲስ አበባና የድሬዳዋ የመንገደኞች ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ሰፊ ሐዲድ ተመረቀ፤ ይህም መልካም ሥራ ነው፣ አሮጌውን ለማወደስ አዲሱን ማንቋሸሽ አይገባም። ነገር ግን ሥራ ያቆመ ፉርጎ ከሚሠራው ይልቅ ቶሎ ይሞታል። ውኃ በጣራው ስንጥቅ ይገባል፤ ከመስኮቱ በታች ያለው እንጨት ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል፤ ያልተንቀሳቀሰው መንኰራኩር ከኩሽኔታው ጋር በዝገት ይጣበቃል። በመጨረሻም የብረት ነጋዴው በኪሎ ሊገምተው ይመጣል። ወታደር ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ጠመንጃ የሚበላሸው በተተኰሰበት ቀን ሳይሆን ሳይወለወል በተቀመጠበት ዓመት ነው።

«ለሕዝቡ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ሳይዳረስ ስለ አሮጌ ፉርጎ ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የተቸገረ ሰው ባለበት ገንዘብ በከንቱ መበተን የለበትም። ሆኖም እዚህ ላይ የሚጠየቀው መስመሩን ሁሉ ማደስ አይደለም። አንድ ፉርጎ ከጣራ በታች ማስገባት የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ይበልጥ የሚጠይቀው ውሳኔና የሠለጠነ እጅ ነው። የሠለጠነው እጅ ደግሞ እያረጀ ነው። ሳንቃና ላሜራ ዘንድሮ ባይገዛ ለከርሞ ይገዛል፤ የሽማግሌው አናጢ ዕውቀት ግን ከእርሱ ጋር ከተቀበረ በምንም ገንዘብ አይገኝም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከምጽዋ አሥመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር ያህል የባቡር መስመር በጦርነቱ ዘመን ፈርሶ፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ለምሽግ ሥራ ውሎ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሐዲዱን ከየምሽጉ ሰብስበው፣ የቆሙትን ባቡሮችና ፉርጎዎች ጠግነው፣ መስመሩን እ.ኤ.አ. በ2003 እስከ አሥመራ መልሰው ከፈቱ። ያን ያስቻለው ትልቁ ሀብት የሽማግሌዎቹ ማስታወስ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ቢታሰብ ኖሮ ግን የሚጠራ ሰው ባልተገኘም ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው። በድሬዳዋ ግቢ ካሉት የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች መካከል አካሉ የጠናው አንድ ይመረጥ፤ አስቀድሞ ጣራው ይደፈንለት፣ ከመሬት እርጥበትም ይጠበቅ። ጥገናውን ጡረተኞቹ ይምሩት፤ ከየቴክኒክ ትምህርት ቤቱ የሚመረጡ ወጣቶችም አብረዋቸው ይሥሩ። የተነሣው ሳንቃና የገባው ሳንቃ በመዝገብ ይጻፍ። አግዳሚው በቀለም ብዛት አዲስ አይምሰል፤ የተቀመጡበት ሰዎች ያለሰለሱት እንጨት እንደ ለሰለሰ ይቈይ። መንኰራኩሩም ይዙር፤ በግቢው ሐዲድ ላይ ጥቂት መቶ ሜትር እንኳ ቢሄድ፣ ፍሬኑንና ኩሽኔታውን የሚያውቅ ሰው ሁልጊዜ አስፈላጊ ይሆናል፤ በዚህም ሙያው አይጠፋም።

የንጉሡ ፉርጎ ይጠበቅ፤ ጥበቃው ስሕተት አይደለም። ነገር ግን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ መስመር ወደ ስደት እንደ ሄዱ የሚያውቅ ልጅ፣ አያቱም በዚሁ መስመር ቅቤና ጨርቅ ይዛ ስትመላለስ እንደ ነበር ማወቅ አለበት። የመጀመሪያውን ከመጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛውን ግን የጻፈለት ብዙ ሰው የለም፤ የተጻፈው በዚያ የእንጨት አግዳሚ ላይ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አግዳሚው ማገዶ ሳይሆን ሥራው ዛሬውኑ ይጀመር።