የዕለት ዋጋና የዘመን ጥሪት

ገበያ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ መገናኛ ነው። በጋሞ ደጋ፥ በጨንቻና በዶርዜ አካባቢ በሚቆመው ገበያ ሸማኔው ጋቢውን፥ ገበሬው ገብሱንና ፖሙን፥ ባልቴቲቱ ቆጮዋን ይዘው ይመጣሉ፤ በቈላው በአርባ ምንጭ ወገን ደግሞ ከዐባያና ከጫሞ ሐይቅ ዳር የሚበቅለው ሙዝ በመኪና እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል። በነዚህ ገበያዎች ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ምክንያቱ ለሁሉ የተገለጸ ነው። ዝናም ዘግይቶ እንደ ሆነ እህል ይወደዳል፤ ጾም ሲገባ የበግ ዋጋ ይቀንሳል፤ ፋሲካ ሲቀርብ መልሶ ይጨምራል። ስለዚህ ጋቢ በአንድ ቀን ረከሰ ብሎ የሸማ መሥሪያውን ለማገዶ የሚሸጥ ሸማኔ አይገኝም፤ ጋቢ በአንድ ቀን ተወደደ ብሎም የእርሻ በሬውን ሸጦ ጋቢ የሚያከማች ገበሬ የለም።

በዚህ ዘመን ግን ዕቃው በዓይን የማይታይበት፥ በእጅም የማይዳሰስበት ሌላ ገበያ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ተከፍቷል። ይኸውም የአክሲዮን ገበያ ነው። ነገሩ ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፥ በ1950ዎቹ ዓመታት፥ በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት ሥርዓት ተጀምሮ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ የንግድ ማኅበሮች በተወረሱ ጊዜ ግን ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ ዐዋጅ ቍጥር 1248 ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክም በመዝገቡ ላይ የገባ የመጀመሪያው ባንክ ሆነ። ስለዚህ የኒውዮርክና የለንደን ሰዎች ብቻ ሲነጋገሩበት የኖረው የዋጋ መውጣትና መውረድ ወሬ፥ ከእንግዲህ ወዲህ በጨንቻ ተራራ ላይ ለሚኖር ሰውም የራሱ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ ቀርቧል።

አክሲዮን ማለት በአንድ የንግድ ማኅበር ሀብት ውስጥ የሚገኝ ድርሻ ነው። ባለ ድርሻው ሁለት ዓይነት ጥቅም ተስፋ ያደርጋል። አንደኛው ማኅበሩ በዓመቱ ካተረፈው ላይ የሚከፈለው ነው፤ ሁለተኛው ድርሻውን ከገዛበት አስበልጦ ሲሸጠው የሚያገኘው ነው። ፊተኛው ከማኅበሩ ሥራ ይመጣል፤ ኋለኛው ግን ሌላ ሰው በዚያ ቀን ሊሰጥ ከወደደው ዋጋ ይመጣል። የሰው ፈቃድ ደግሞ በወሬ፥ በፍርሃትና በስስት ይለዋወጣል። ማኅበሩ ትናንት ሲሠራ የነበረውን ሥራ ዛሬም እየሠራ ሳለ፥ ሻጮች በዝተው ገዢዎች ስላነሱ ብቻ ዋጋው ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ የዕለት ዋጋ የዕለቱን የሰው አሳብ የሚናገር ነው እንጂ የነገሩን እውነተኛ ዋጋ ሁልጊዜ የሚመሰክር አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆን በቅርብ ጊዜ ታይቷል። መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ከልዩ ልዩ አገሮች በሚገባ ዕቃ ላይ አዲስ ቀረጥ መጣሉን አስታወቀ። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የ500 ትልልቅ ማኅበሮች አክሲዮን ዋጋ በአንድነት የሚታይበት የአሜሪካ መለኪያ ከመቶ 10 እጅ የሚበልጥ ወደቀ። ሚያዝያ 1 ቀን መንግሥቱ የቀረጡን ብዙውን ክፍል ለ90 ቀን ባዘገየ ጊዜ ግን ያው መለኪያ በአንድ ቀን ብቻ ከመቶ 9 እጅ በላይ ከፍ አለ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ፋብሪካዎቹ አልፈረሱም፤ መልሰውም አልተሠሩም፤ የተለወጠው የሰዎች ተስፋ ነው። መጋቢት 26 ቀን ደንግጦ የሸጠ ሰው ጉዳቱን በእጁ አጸደቀ፤ ታግሦ የቈየው ግን ከጠፋበት ብዙውን መልሶ አገኘ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ የወደቀ ዋጋ ሁሉ ወዲያው ይነሣል ማለት ታላቅ ስሕተት ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በጥቅምት ወር 1929 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ በሁለት ተከታታይ ቀኖች ዋጋ ከመቶ 20 እጅ በላይ ወረደ። መውረዱም በዚያ ሳያበቃ በ1932 ዓ.ም. ከቀድሞው ከፍታ ከመቶ 11 እጅ ያህል ብቻ ቀረ፤ ወደ ቀድሞው ከፍታ የተመለሰውም በ1954 ዓ.ም. ማለት ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በ25 ዓመት ውስጥ የተወለደ ሕፃን አድጎ ልጅ ይወልዳል። ገንዘቡን ለልጁ ማሳደጊያ አስቀምጦ የነበረ ሰው ዋጋው እስኪመለስ ሊታገሥ አይችልም፤ ረኃብም ሆነ የትምህርት ቤት ክፍያ ገበያው እስኪሻል ድረስ ቀጠሮ አይሰጥምና።

የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር በአንድ ቃል ሊጠቀለል ይችላል። የሚፈለግበት ቀን የታወቀ ገንዘብ፥ በዚያ ቀን ዋጋው ስንት እንደሚሆን ባልታወቀ ነገር ላይ አይቀመጥም። የዘር እህል መግዣ፥ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፥ የሸማኔው የድርና የማግ መግዣ፥ የእቍብ ዕጣና የእድር ሣጥን ገንዘብ የሚፈለጉበት ቀን አላቸው። ከዚህ የተረፈና ለብዙ ዓመት የማይፈለግ ጥሪት ያለው ሰው ግን መርምሮ ድርሻ ቢገዛ የሚነቀፍ አይደለም።

የጋሞ ገበሬ ይህን ሥርዓት በተግባር ያውቀዋል። እንሰት ተክሎ ለዓመታት በጓሮው ያቈየዋል፤ በአጠገቡ ገብስና ድንች ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ከቤተ ሰቡም አንዱ ሸማ ይሠራል። ገብሱ ውርጭ ቢመታው እንሰቱ ይቆማል፤ የጋቢ ገበያ ቢቀዘቅዝ በጉ ይሸጣል። ሀብትን በአንድ ነገር ላይ ብቻ አለመጣልን፥ ለክፉ ቀን የሚሆነውንም ከመነገጃው ለይቶ ማኖርን የውጭ አገር ሊቃውንት በመጽሐፍ ያስተምሩታል፤ በጋሞ ደጋ ግን በጓሮ ተጽፎ ይነበባል። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋብ ዘመን ለረኃብ ዘመን ማከማቸቱን የሚያስተምሩ ካህናትም ይህን ምሳሌ ለሕዝቡ ለማስረዳት አይቸገሩም።

አንዳንድ ሰው፥ አክሲዮን የማይገዛ የአርባ ምንጭ ነዋሪ ስለ ውጭ አገር ገበያ ምን ያገባዋል ይል ይሆናል። ነገር ግን የቡና ዋጋ በየቀኑ በኒውዮርክ ይቈረጣል፤ የጥጥም ዋጋ እንዲሁ። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. በብራዚል በደረሰው ድርቅ ምክንያት በኒውዮርክ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ4 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆኖ ከዚያ በፊት ታይቶ ከማይታወቅ ደረጃ ደርሶ ነበር። ደግሞም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሙዙ የሚበላው በአገር ውስጥ ቢሆንም፥ ሙዙን የሚጭነው መኪና ነዳጅ፥ ለማሳው የሚፈለገው ማዳበሪያ በዶላር ይመጣል። ስለዚህ የዓለም ገበያ ነፋስ በጋሞ ተራራ ላይ አይነፍስም ማለት አይቻልም።

ሌላው ወገን ደግሞ፥ ገበያው እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ ቁማር ነው፥ ስለዚህ ከነጭራሹ መራቅ ይሻላል ይላል። ይህም አሳብ እውነት የለበትም አይባልም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የጥቂት ባለጸጎች ገንዘብ የማይበቃው ታላቅ ሥራ በብዙዎች ድርሻ ይቆማል፤ ትርፉም ለብዙዎች ይደርሳል። ድርሻን በግልጽ ገበያ መሸጥ ካልተቻለ ደግሞ፥ ችግር የደረሰበት ባለ ድርሻ በስውር ለሚደልለው ሰው በማይረባ ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ቁማር የሚሆነው ገበያው ራሱ ሳይሆን፥ ሰው የገዛውን ነገር ሳያውቅ፥ በብድር ገንዘብ፥ ነገ ይወደዳል በሚል ወሬ ብቻ ሲገዛ ነው።

በዚህ ረገድ በ2017 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ትምህርት ይሰጣል። ከማኅበሩ ከመቶ 10 እጅ የሚሆን 100 ሚሊዮን አክሲዮን፥ እያንዳንዱ በ300 ብር ለኢትዮጵያውያን ቀርቦ ነበር፤ የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ያህል ሲሆን ገዢዎቹ ከ47 ሺህ ይበልጣሉ። ከ47 ሺህ በላይ ሰው የአንድ ታላቅ ድርጅት ባለ ድርሻ መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ያልገዛውም ሕዝብ እንደ ሰነፍ ሊቈጠር አይገባውም፤ ኑሮ በተወደደበት ዓመት ለመግዛት የሚተርፍ ገንዘብ የሌለው ብዙ ነው፤ ገንዘቡን ለማያውቀው ነገር ከመስጠት በፊት መጠየቅና መጠበቅም የብልህ ጠባይ ነው። ለሚጠይቅ ሰው የሚገባው ነቀፋ ሳይሆን የተጣራ መልስ ነው።

እንግዲህ ይህን መልስ የሚሰጥ ማነው? በገጠር የሚታመኑት ሁለት ናቸው፤ ሹሙና ካህኑ። የሹም ምክር ለገበሬው እንደ ትእዛዝ ይሰማዋል፤ የካህን ቃልም እንደ በረከት ይቈጠራል። ስለዚህ አንድ ሹም በስብሰባ ላይ የአንዱን ማኅበር አክሲዮን ግዙ ብሎ ቢናገር፥ ዋጋው በወደቀ ጊዜ የሚጠየቀው ማኅበሩ ብቻ አይሆንም፤ መንግሥትም ይታማበታል። ሠራተኛ ከደመወዙ እየተቈረጠበት ባልወደደው መንገድ ባለ ድርሻ እንዲሆን ማድረግ ደግሞ ከቶ የማይገባ ነው። የሹም ሥራ ገዢ መመልመል ሳይሆን እውነቱን መግለጥ ነው። የማኅበሮች የሒሳብ መግለጫ በወቅቱ መውጣቱን፥ ፈቃድ ያላቸው አሻሻጮች ስም በየወረዳው በአማርኛና በጋሞኛ መለጠፉን፥ የቡናና የጥጥ ዋጋ ለገበሬው ሳይዘገይ መነገሩን መቈጣጠር ይገባዋል። በጨለማ የተቀመጠ ገበያ የወሬ ልጅ ይሆናል፤ ሒሳቡ በብርሃን የታየ ገበያ ግን ቢዋዥቅም ቶሎ ይረጋል።

ካህናትም ሁለት ዓይነት አደራ አለባቸው። አንደኛው የደብርና የማኅበር ገንዘብ ነው። ይህ የብዙ ድኾች መባ ስለ ሆነ፥ ዋጋው በየቀኑ በሚለዋወጥ ነገር ላይ ጠባቂዎቹ በራሳቸው ፈቃድ ብቻ ሊጥሉት አይገባም። ሁለተኛው ምክር ነው። በዛሬ ጊዜ በስልክ እየተላኩ ሰውን የሚያጠምዱ ሐሰተኛ ነጋዴዎች በዝተዋል። ምልክታቸው ግን የታወቀ ነው፤ በየቀኑ ቍርጥ ያለ ትርፍ እንሰጣለን ይላሉ፤ ሌላ ሰው ካመጣህ ተጨማሪ ታገኛለህ ይላሉ፤ ነገ ያመልጥሃልና ዛሬውኑ ክፈል ብለው ያስቸኵላሉ። እውነተኛ ገበያ ቍርጥ ያለ የዕለት ትርፍ ሊሰጥ እንደማይችል ከዚህ በላይ የተነገረው ያስረዳል። ስለዚህ ንስሐ አባት ልጁ በሬ ሸጦ ለመግዛት ሲነሣ፥ የምትገዛው ምንድር ነው? ሻጩ ፈቃድ አለው ወይ? ገንዘቡ መቼ ያስፈልግሃል? ሁሉ ቢጠፋ ቤትህ ይቆማል ወይ? ብሎ ቢጠይቀው ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅመዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ተረት ለዚህ ዘመን ገበያም የተነገረ ይመስላል።

ሕዝብ በደነገጠ ጊዜም የሚያረጋጋው የታመነ ሰው ነው። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ወጣቶች በቍጣ በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ቀን የከተማውን ሰውና ንብረት ያዳነው፥ አባቶቹ ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን ሁሉ ያከማቹት መታመን ነው። በገበያም እንዲሁ ነው። ሁሉ ለመሸጥ በሚሮጥበት ቀን ቃሉ የሚሰማው፥ ሁሉ ለመግዛት በሚሮጥበት ቀን እውነቱን የተናገረ ሰው ነው። በደስታው ወራት ዝም ያለ ሹም ወይም ካህን፥ በድንጋጤው ወራት አትፍሩ ቢል የሚያምነው አያገኝም።

ገበያው ገና ሕፃን ነው፤ የተመዘገቡት ማኅበሮች ጥቂቶች ናቸው፤ ከገጠር የሚገዛውም ሕዝብ ገና አልበዛም። ስለዚህ ለማስተማር የሚመቸው ጊዜ ዛሬ ነው፤ ብዙ ሰው ከገባበትና የመጀመሪያው ታላቅ መውደቅ ከደረሰ በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ለቅሶ ላይ የሚነገር ምክር ይሆናል። ሹማምንት ሒሳቡን በብርሃን ቢያወጡ፥ ካህናት ትዕግሥትንና ጥንቃቄን ቢያስተምሩ፥ የጋሞ ሸማኔና ገበሬ በላቡ ያጠራቀመውን ጥሪት የዕለት ወሬ አይወስድበትም። ያን ጊዜ የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣ ቢሰማ አይታበይም፤ ሲወርድ ቢሰማም አይሸበርም፤ የቤቱ ምሰሶ በሌላ ስፍራ የተተከለ ነውና።