የኮንፊግ ፋይል አንባቢም ይፈተሽ!

የኮንፊግ ፋይል አንባቢ ኮድ ዩኒት ቴስት አያስፈልገውም የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ክርክሩ አጭር ነው፤ ሥራው መስመር ማንበብ ብቻ ነው፣ ዝግጁ ላይብረሪ አለ፣ ችግር ካለም ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ ይታወቃል። አንዱም አያስኬድም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። ክፉው ብልሽት ፕሮግራሙን አያስቆምም፤ የተሳሳተ ዋጋ አስይዞ ያስቀጥለዋል። ለኮንፊግ ፋይል የሚያገለግለውን ያምልን እንውሰድ። በአገራት ዝርዝር ውስጥ የኖርዌይን መለያ «ኤንኦ» ያለ ትእምርተ ጥቅስ ብትጽፉት፣ የፓይተኑ ያምል አንባቢ ላይብረሪ ፓይያምል «ፎልስ» ብሎ ያነበዋል። 3.10 የሚል የቨርዥን ቁጥርም 3.1 ይሆናል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የያምል 1.2 ደንብ የኖርዌይን ጣጣ ቢፈታም፣ ፓይያምል አሁንም የሚከተለው 1.1ን ነው። ታዲያ «ላይብረሪ አለ» ምን መልስ ይሆናል? ላይብረሪው ደንቡን ያውቃል እንጂ የእናንተን ሐሳብ አያውቅም።

«መስመር ማንበብ ብቻ» የሚለውም ውኃ አያነሳም። የፓይተን ኮንፊግፓርሰር ዋጋውን ሁሉ የሚያስቀምጠው በጽሑፍነት ነው። «ፎልስ» የሚለውን ጽሑፍ ለ«ቡል» ብትሰጡት «ትሩ» ይመልሳል፤ ለፓይተን ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እውነት ነውና። «ጌትቡሊያን» የተሠራው ለዚሁ ነው። ይህን የዘነጋ ፕሮግራመር ያጠፋው አገልግሎት እንደበራ ይቀራል፤ አንድም የስህተት መልእክት አይመጣለትም።

ቴስቱ ዲስክ እንኳ አይፈልግም፤ የኮንፊግፓርሰር «ሪድ ስትሪንግ» ጽሑፉን በቀጥታ ይቀበላል። ባዶ ፋይል፣ የጎደለ ቁልፍ፣ የተደገመ ቁልፍ፣ «ኤንኦ» እና 3.10 ለአንባቢ ኮዳችሁ ስጡትና የሚመልሰውን እዩ። ኮዱ ሰርቨር ላይ ሳይወጣ ቴስቶቹን ዛሬውኑ ጻፏቸው።